ታኅሣሥ፣ ሰኔ ወይስ እንደገና ታኅሣሥ? ሦስቱን ሙሉ የጨረቃ ግርዶሾች ማወዳደር

እህቴ ከሜሪላንድ ደውላ «ጋሼ፣ ልጆቹን ይዤ ለየትኛው ልምጣ?» አለችኝ። ጥያቄው ስለ ሠርግ አልነበረም፤ ስለ ጨረቃ ነው። ልጆቿ በፈረንጆቹ 2029 «የክፍለ ዘመኑ ትልቁ» የጨረቃ ግርዶሽ ይመጣል የሚል ሰምተው፣ አያታችን ቤት ሆነን ካላየነው ብለው ይዘዋታል። ቲኬት ደግሞ ለአራት ሰው ነው፤ ተሳስቶ መምጣት በገንዘብ ያስከፍላል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ቀኖቹን፣ ሰዓቶቹንና የአየሩን ነገር አወዳድሬ ላክሁላት። ይህ ጽሑፍ ያንኑ አስፋፍቶ ለሌላውም እንዲሆን ያዘጋጀሁት ነው።

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። አዲስ አበባ ሆኖ ለሚያይ «የክፍለ ዘመኑ ትልቁ» ከሦስቱ የመጨረሻው ምርጫ ነው።

ሦስቱ የትኞቹ ናቸው?

የመጀመሪያው እሑድ ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ዓ.ም. ምሽት ነው፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 31, 2028፣ የአዲስ ዓመታቸው ዋዜማ። ሁለተኛው ሰኔ 18 ለ19 ቀን 2021 አጥቢያ፣ ጁን 26, 2029 ማክሰኞ ንጋት ላይ። ሦስተኛው ታኅሣሥ 11 ለ12 ቀን 2022፣ ዲሴምበር 20 ለ21, 2029፣ ሐሙስ ለዓርብ ሌሊት።

በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ሙሉ ግርዶሽ ማለት ነው፤ ዕድሉ ሲመጣ ተደራርቦ ነው የሚመጣው። ከየካቲት 24, 2018ቱ ግርዶሽ በኋላ እስከ መጀመሪያው ድረስ ሙሉ ግርዶሽ የለም። ሦስተኛው ካለፈም ቀጣዩ ሚያዝያ 17 ቀን 2024 ዓ.ም. ነው። በመሐል ያሉት ወይ ከፊል ናቸው፣ ወይ ደግሞ ጨረቃ በስሱ ጥላ ብቻ የምታልፍባቸው፣ ተነግሮን እንኳ ልብ የማንላቸው ዓይነት።

የፀሐይ ግርዶሽ እንዲህ አያማርጥም። ሰኔ 14, 2012 ፀሐይ እንደ ቀለበት ስትሆን ያንን ያየው በጠባቡ መስመር ላይ የተገኘ ሰው ነው፤ ላሊበላ መሐሉ ላይ ነበረች፣ አዲስ አበባ ግን ከፊሉን ብቻ አየች። የጨረቃው ሌላ ነው። የሚሆነው እዚያው ጨረቃ ላይ ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት ጨረቃን የሚያይ ግማሹ ዓለም እኩል ያየዋል። ልዩነቱ እናንተ ጋ ሌሊት ነው ወይስ ቀን፣ ጨረቃስ ከፍ ብላለች ወይስ ልትጠልቅ ነው፣ ደመናስ አለ ወይ የሚለው ብቻ ነው። ንጽጽሩም በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ይሆናል።

ቁጥሩ ለምን ያታልላል?

በቁጥር ብቻ ከሄድን የሰኔው ያሸንፋል። ጨረቃ ሙሉ በሙሉ በምድር ጥላ ውስጥ የምትቆየው 102 ደቂቃ ነው። በመጀመሪያው ታኅሣሥ 71 ደቂቃ፣ በሁለተኛው ታኅሣሥ ደግሞ 54 ደቂቃ ገደማ። የሰኔው ላይ ጨረቃ የምታልፈው ከጥላው መሐል ለመሐል ነው፤ በዚህ ክፍለ ዘመን እንደዚያ ጠልቃ የምትገባበት ሌላ ቀን የለም። ልጆቹ የሰሙት ይህንን ነው፤ እውነትም ነው።

እኔ ግን በዚህ ቁጥር አንዴ ተቀጥቻለሁ። ሐምሌ 20, 2010 የክፍለ ዘመኑ ረጅሙ ግርዶሽ ነበር፤ 103 ደቂቃ፣ ያውም በእኛ ከሌሊቱ 4 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ ጨረቃ ከፍ ባለችበት ሰዓት። ወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ጃንጥላ ይዤ ሰገነት ላይ ወጣሁ፤ ያየሁት ጃንጥላውን ነው። ሐምሌ ነበራ!

ጳጉሜን 2, 2017 ትንሽ ተሻለ። ከኮንዶሚኒየማችን ጣሪያ ላይ ጎረቤቶች ተሰብስበን ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ደመና ስናይ ቆየን። ሰው እየተሰላቸ ወደ ቤቱ ገባ፣ አንድ ሕፃን ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተኛ። 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ደመናው በአንድ በኩል ተቀደደና ጨረቃዋ ወጣች። ቀይ ይሏታል እንጂ ቀይ አልነበረችም፤ ከሰል አመድ ሊለብስ ሲል ውስጡ የሚቀረው ፍም ነበር የምትመስለው፣ በአንድ በኩል ጠቆር፣ በሌላው ብርቱካን። አራት ደቂቃ ያህል አየናት። ከዚያ ተዘጋ። ሕፃኑን ሳንቀሰቅሰው ነው ያለፈችው፤ እናቱ እስካሁን ታነሳብኛለች።

ለደጋው ኢትዮጵያ እንግዲህ ከደቂቃው ርዝመት በፊት ወሩ ይታያል።

ታኅሣሥ 22, 2021፤ የቤተሰብ ግርዶሽ

በአዲስ አበባ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ15 አካባቢ ነው። ሙሉ ጨረቃ ምንጊዜም ከፀሐይ በተቃራኒው ስለምትቆም በዚያው ሰዓት በምሥራቅ ትወጣለች፤ ከፊሉ ግርዶሽ የሚጀምረውም 12 ሰዓት ከ7 ላይ ስለሆነ፣ ጨረቃ ገና ብቅ ስትል ጠርዟ መነካት ይጀምራል። ሙሉ ግርዶሹ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ16 እስከ 2 ሰዓት ከ27 ይቆያል፤ መሐሉ 1 ሰዓት ከ52 ላይ ነው። 3 ሰዓት ከ36 ሲሆን ጨረቃ ከጥላው ሙሉ በሙሉ ትወጣለች።

ይህ ማለት ማንም ከእንቅልፉ አይነሳም። ልጆች ራት ሳይበሉ ይጀምራል፣ ሳይተኙ ያበቃል። አየሩ በጋ ነው፤ በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሰማይ ጥርት ያለ፣ ብርዱም የዚያኑ ያህል። ጋቢ ይዞ መውጣት ነው እንጂ ጃንጥላ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

እንከን የሌለው ግን አይደለም። ጨረቃ ዝቅ ብላ ነው የምትጀምረው። ክንድን ዘርግቶ ጡጫ ቢያስቀምጡ አንዱ ጡጫ ዐሥር ዲግሪ ያህል ነው፤ ሙሉ ግርዶሹ ሲጀምር ጨረቃ ከአድማስ አንድ ጡጫ ተኩል ገደማ፣ ሲያበቃ ሦስት ጡጫ ላይ ትሆናለች። የምትወጣውም ከቀጥታ ምሥራቅ ወደ ሰሜን ጋደል ብላ ነው። የየካ ተራራ ሥር የምትኖሩ፣ ወይም በምሥራቅ በኩል ባለ አስራ ሁለት ፎቅ የተተከለባችሁ፣ የመጀመሪያውን ሰዓት ተራራና ሕንፃ ነው የምታዩት። ሳምንት ቀደም ብሎ ምሽት ላይ ጣሪያ ወጥቶ ያንን አቅጣጫ ማየት ይበቃል። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ምሥራቁ የተከፈተ ቦታ ያለው ሰው ደግሞ ይቅናው።

ከባሕረ ሐሳቡ አንጻርም ደስ የሚል ቀን ነው። ከቁልቢ ገብርኤል ሦስት ቀን በኋላ፣ ለገና ሳምንት ሲቀር። ጾሙ አልተፈታም፣ ስለዚህ ጣሪያ ላይ የሚበላው ሽሮ ነው። ለሙስሊም ወገኖቻችን ደግሞ ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ገደማ የሚቀርበት ጊዜ ነው፤ የኹሱፍ (የጨረቃ ግርዶሽ) ሶላት በጀመዓ ለመስገድም ከመግሪብ በኋላ ያለ የሚመች ሰዓት ነው።

በዚህኛው ላይ ፈረንጆቹ «ሰማያዊ ጨረቃ» የሚል ማጣፈጫ ሊጨምሩበት ይችላሉ። በአንድ ወራቸው ሁለት ሙሉ ጨረቃ ሲገባ ሁለተኛዋን እንደዚያ ይሏታል፤ በዚያ ዲሴምበር አንዷ በ2፣ ሌላዋ በ31 ትውላለች። በእኛ አቆጣጠር የመጀመሪያዋ ኅዳር 23 ነች፣ ሁለተኛዋ ታኅሣሥ 22። የተለያየ ወር ነው፤ ስለዚህ እዚህ ሰማያዊ የለም። ቀለሙ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ደግሞ እዚያም የለም።

ሰኔ 19, 2021፤ ትልቁ፣ ግን ለሌላ ሰው

ከፊሉ ግርዶሽ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ32 ይጀምራል። ሙሉው 11 ሰዓት ከ31 ላይ። መሐሉ የሚውለው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ22 ነው፤ ፀሐይ ግን ከዚያ በፊት 12 ሰዓት ከ10 አካባቢ ወጥታለች፣ ጨረቃም ጠልቃለች። ከ102 ደቂቃው ለአዲስ አበባ የሚደርሰው አርባ ደቂቃ አይሞላም፤ እሱም ሰማዩ እየነጋ፣ ጨረቃ በምዕራብ ከአንድ ጡጫ በታች ሆና። በጥላ ውስጥ ያለች ጨረቃ ብርሃኗ እጅግ ደካማ ነው፣ ጎህ ሲቀድ ከሁሉ በፊት የምትጠፋው እሷ ነች። በጥሩ ዕድል ሩብ ሰዓት ያህል ይታያል ብላችሁ ያዙ። በዚያ ላይ ሰኔ ነው፤ ክረምቱ ገብቷል።

እህቴ ልትመጣ ያሰበችው ለዚህኛው ነበር። ሰኔና ሐምሌ የልጆቿ የትምህርት ቤት እረፍት ስለሆነ ከሁሉ የሚመቻት እሱ ነው። የግርዶሹን ነገር ስነግራት ግን ሳቀች፤ ምክንያቱም ይኸው ግርዶሽ ሜሪላንድ ከቤቷ ደጃፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር ይታያል። በዋሽንግተንና አካባቢው ሰዓት (ከዚህ በኋላ የውጭ አገር ሰዓቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከፊሉ ከምሽቱ 9:32፣ ሙሉው ከ10:31 እስከ 12:13፣ መጨረሻው 1:12። ሰኔ ሞቃት ነው፣ ወንበር አውጥቶ መቀመጥ ይቻላል። አንዱ ችግር ጨረቃ በደቡብ ምሥራቅ ዝቅ ብላ መሄዷ ነው፤ መሐሉ ላይ እንኳ ሁለት ጡጫ ከምናምን ብቻ። ሜሪላንድ ደግሞ ዛፍ በዛፍ ነው። በደቡብ በኩል ክፍት ሜዳ ያለው መናፈሻ ወይም የትምህርት ቤት ሜዳ አስቀድሞ መፈለግ ያሻል።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ወጥመድ አለ፤ ቀኑ። መረጃው ሁሉ «ጁን 26» ይላል፣ ያ የግሪንዊች ቀን ነው። እናንተ ጋ ሰኞ ጁን 25 ምሽት ነው። ማክሰኞ ምሽት ሜዳ ላይ ወንበር ዘርግቶ የሚጠብቅ ሰው ያልተነካች ጨረቃ ያያል። ዳላስና ሚኒያፖሊስ ከምሥራቁ አንድ ሰዓት ቀንሱ። ዴንቨር ጨረቃ የምትወጣው ሙሉ ግርዶሹ ሊጀምር ሲል ነው። ሎስ አንጀለስ ከወጣች በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ሙሉውን ያያል፤ ሲያትል ግን ጨረቃ የምትወጣው ሙሉው ሊያበቃ ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው፣ ሰማዩም ገና አልጨለመም።

ኢየሩሳሌም ላይ ሙሉው 5:31 ንጋት ሲጀምር ፀሐይ ልትወጣ ደቂቃዎች ቀርተዋታል፤ ጂዳም እንደዚያው። ሪያድ ከፊሉን ብቻ፣ ዱባይ ምንም። አውሮፓ ውስጥ እንደ ሮም ወደ ደቡብ ያላችሁ የተወሰነ ታገኛላችሁ፤ ስቶክሆልም በሰኔ ሌሊት የሚባል ነገር ስለሌለ ተዉት።

ታኅሣሥ 12, 2022፤ ለሚነሳ ሰው

ይህኛው በቁጥር የመጨረሻው ነው፤ ወረቀት ላይ ማንም አይመርጠውም። ሙሉው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ15 እስከ 8 ሰዓት ከ9 ገደማ፤ ከፊሉ እኩለ ሌሊት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ይጀምርና 9 ሰዓት ተኩል ላይ ያበቃል። ጨረቃ በጥላው ጠርዝ አካባቢ ስለምታልፍ አንድ ጎኗ ነጣ ብሎ ይቀራል፣ ሙሉ በሙሉ አትጠቁርም።

ግን ከፍታዋን እዩ። አዲስ አበባ ላይ በግርዶሹ መሐል ከስድስት ጡጫ በላይ ከፍ ብላ፣ ከአናታችን ብዙም ሳትርቅ ትቆማለች። የየካ ተራራም፣ የጎረቤት ፎቅም፣ የመንገድ መብራትም አያገኟትም። ጨረቃ በወፍራም አየር ውስጥ ስለማትታይ ጥርት ትላለች። ሙሉ ጨረቃ የምትደብቃቸው ከዋክብት ደግሞ ብርሃኗ ሲወድቅ ይመለሳሉ፤ በዚያ ሌሊት የምትቆመው ከአዳኙ ኦሪዮን በላይ ነው፣ ሦስቱ ቀበቶ ከዋክብት ከሥሯ ይደረደራሉ። ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ከሦስቱ ያለ ጥያቄ ይህንን እመርጣለሁ። አየሩም ያው ታኅሣሥ ነው። ማንቂያ ደውል መሙላትና ሌሊቱን መጋፈጥ ነው የሚቀረው፤ በማግስቱ ሥራ አለ። ሚካኤል ለማድረስ ሌሊት ለሚነሳ ሰው ግን እግረ መንገዱን ነው፤ 12 ነውና።

ሌላ አገር ላላችሁ በአጭሩ

ሳዑዲ፣ ኩዌትና ኳታር ሰዓታችሁ ከእኛ እኩል ነው፤ ስድስት ሰዓት መደመር ወይም መቀነስ ብቻ። ሁለቱም ታኅሣሦች ሙሉ ይታያሉ። ዱባይ አንድ ሰዓት ጨምሩ፤ የመጀመሪያው ላይ ሙሉው ከምሽቱ 8:16 እስከ 9:27 ይሆናል። እስራኤል በክረምት ሰዓቷ የመጀመሪያው ሙሉ ከምሽቱ 6:16 እስከ 7:27፣ ሦስተኛው ከእኩለ ሌሊት 12:15 እስከ 1:09። ለእናንተ ታኅሣሥ የዝናብ ወር መሆኑን አትርሱ፤ ወደ ደቡብ ወደ ነጌቭ በረሃ የመሄድ ዕድል ያለው ይሂድ።

ጀርመንና ስዊድን በመጀመሪያው ላይ ጨረቃ በወጣችበት ሰዓት አካባቢ ጀምሮ ያያሉ፤ ሙሉው ከ5:16 እስከ 6:27 ከሰዓት በኋላ። ለንደን ጨረቃ ከወጣች ብዙም ሳትቆይ ሙሉው 4:16 ላይ ይጀምራል። ሦስተኛው ግን ለአውሮፓ ግሩም ነው፤ በበርሊን ሰዓት ሙሉው 11:15 ማታ ይጀምራል፣ ጨረቃም ከፍተኛ ቦታዋ ላይ ነች። የአውሮፓ የታኅሣሥ ደመና ከፈቀደ።

የአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ የመጀመሪያውን አያየውም፤ እዚያ ረፋድ ነው። ሦስተኛውን ግን ያያል፦ ጨረቃ በከፊል ተሸፍና ትወጣለች፣ ሙሉው ከ5:15 እስከ 6:09 ምሽት፣ በምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅ ዝቅ ብላ። ለምዕራብ ዳርቻ ቀርቷል።

ምን ይያዝ? ቀለሙስ?

ለዓይን መከላከያ የሚሆን ምንም አያስፈልግም። በ2012 መነጽር ፍለጋ የተራወጠ ሰው ይህንን ሲሰማ አያምንም፤ ግን የጨረቃ ብርሃን ዓይን አይጎዳም። ባይኖክላር ካለ ጥሩ፣ ከሌለም ዓይን ይበቃል። በስልክ ለሚያነሳ፦ ሙሉው ላይ ጨረቃ እጅግ ስለምትደበዝዝ ስልኩ ለማንሳት ጊዜ ይወስዳል፣ እጅ ከተንቀጠቀጠም ፎቶው ይበላሻል። ትንሽ ትራይፖድ፣ ወይም ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ በሦስት ሰከንድ ቆጣሪ ማንሳት። ፍላሹን አጥፉ፤ ጎረቤት እንጂ ጨረቃ አይደርሰውም።

ቀለሙን ከወዲሁ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። ጨረቃን የሚያቀላት በምድር ዙሪያ ባለው አየር ጥሶ የሚታጠፍ የፀሐይ ብርሃን ነው፤ በዚያ ሰዓት በዓለም ዙሪያ ያለው የጀምበር መውጫና መጥለቂያ ብርሃን ሁሉ ተሰብስቦ እሷ ላይ ያርፋል። አየሩ ንጹሕ ከሆነ ብርቱካን ትሆናለች። ትልቅ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አቧራው ሽቅብ ከወጣ ትጠቁራለች፤ በፈረንጆቹ 1991 የፊሊፒንሱ ፒናቱቦ ከፈነዳ በኋላ፣ በዲሴምበር 1992 የነበረው ግርዶሽ ላይ ጨረቃ ለዓይን ልትጠፋ ደርሳ ነበር። ከሦስቱ የሰኔው ጠቆር ያለ፣ የሁለተኛው ታኅሣሥ ደመቅ ያለ እንደሚሆን ግን ከጥላው ጥልቀት መገመት ይቻላል።

ለእህቴ የጻፍኩላት እንዲህ ነው። ለገና ነይ፤ የታኅሣሥ 22ቱን ጣሪያ ላይ ሆነን አብረን እናያለን፣ ልጆቹ በጊዜ ይተኛሉ። ለሰኔው አትምጪ፣ እዚያው መናፈሻ ውሰጃቸውና ፎቶ ላኪልኝ፤ እኔ ዝናብ እያዳመጥኩ አየዋለሁ። በ2022ቱ ደግሞ ማናችንም አንሄድም። እኔ ጋ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ15፣ አንቺ ጋ በፈረንጁ ከምሽቱ 5:15፤ ደውይልኝ፣ እኩል እናያታለን። እኔ አንገቴን ሽቅብ ሰብሬ፣ አንቺ ከጎረቤትሽ ጣሪያ በላይ እየፈለግሻት።

ቲኬቱን ቆርጬ አሳውቅሃለሁ ብላለች። ልጆቹ ግን አሁንም የሚጠይቁት «ትልቁ» የቱ እንደሆነ ነው።